ደረቅ ነው እርጥብ?

መጀመሪያ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ ታወጣለች። ቁልፉ ላይ ሁለት ክንድ የሚሆን ቀይ ጥብጣብ ታስሯል፤ በጥብጣቡ ሌላ ጫፍ እንደ ፀጉር መቆንጠጫ የታጠፈች አጭር ሽቦ ተንጠልጥላለች። ሁለቱንም ከኪቦርዱ አጠገብ ታስቀምጣለች። ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቨርቹዋል ማሽኑን ታጠፋዋለች። በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ የራሱ አካል የሌለው ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ሳይጠፋ ፖርት አይቀበልም። የማስተካከያውን ገጽ ከፍታ ወደ ሲሪያል ፖርቶች ትወርዳለች። አንደኛውን ፖርት ታበራለች። አድራሻ ሦስት ኤፍ ስምንት። የመጥሪያ ቁጥር አራት። አሮጌው የወንዝ ፕሮግራም ሌላ አድራሻ አያውቅም፤ በረቱን እንደለመደ በሬ ሌላ በር ብትከፍትለት አይገባም። ቀጥሎ ገጹ ይጠይቃታል፦ ፖርቱ ከምን ይገናኝ? ከፋይል? ስም ተሰጥቶት ከሚከፈት የሶፍትዌር ቧንቧ? ወይስ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካለው ከእውነተኛው ፖርት? «ከብረቱ» ትላለች ለራሷ፣ እሱኑ ትመርጣለች። ፍጥነቱን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ላይ ታደርጋለች። ዛሬ እንዲህ ተንቀርፍፎ የሚናገር ዕቃ የለም፤ የሄርን ወንዝ መለኪያ ግን የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ኬብሉ። የኬብሉ ጫፍ ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። ሁለተኛው ለመስማት ነው፣ ሦስተኛው ለመናገር። ሽቦዋን ታነሳና አንድ እግሯን ሁለተኛው ውስጥ፣ ሌላውን ሦስተኛው ውስጥ ትሰካለች። አፍና ጆሮ ተገናኙ ማለት ነው፤ ማሽኑ የተናገረውን መልሶ ራሱ ይሰማል። «ግሌን» ብላ ትጽፋለች። «ግሌን» ብሎ ይመልስላታል። ደህና። ሽቦዋን ትነቅላለች። አሁንም «ግሌን» ትላለች። ጭጭ።

እሷ የምታምነው ሁለተኛውን ነው፤ ዝምታውን።

ግሌኒስ ታሎክ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አገር የሚያውቃት ግን ግሌን በሚለው ነው። በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ አገዳው ውስጥ በተሸጎጠችው በብሪንዳል ከተማ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሬዲዮ፣ ፓምፕና የወንዝ መለኪያ ስትጠግን ሠላሳ አራት ዓመት ሞላት። ባሏ ቀድሟት ወደ ደቡብ ሄዶ ሌላ አገባ፤ ልጅ የላትም። አንድ ነገሯ ሰውን ያስቃል። ቢሮዋ ውስጥ አንድም የወረቀት አግራፍ አይታይም። ወረቀቶቿን ሁሉ የምታያይዘው በልብስ መቆንጠጫ ነው፤ ባለ እንጨቱ፣ ባለ ፕላስቲኩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው። ከሌላ ቢሮ በአግራፍ ተያይዞ የመጣ ሰነድ ካለ አግራፉን በሁለት ጣቷ እንደ አባጨጓሬ ይዛ ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች።

«አክስቴ» ይላታል ቴቪታ፣ የማዘጋጃ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ። አባቱ ከቶንጋ ነው የመጣው፤ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው፣ በእሱ ደንብ ግን ትልቅ ሴት ሁሉ አክስት ናት። «ሪፖርት ልታቀርቢ ነው ወይስ ልብስ ልታሰጪ?»

«ሪፖርቱ እርጥብ ነው፤ ይድረቅ ብዬ ነው።»

ይስቃል። እሷም ፈገግ ትላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም፣ ቢጠይቃትም አትነግረውም ነበር።

በዚያ የየካቲት ማክሰኞ ፖርቱን ካዘጋጀች በኋላ ቨርቹዋል ማሽኑን አስነሳችው። ጥቁሩ ገጽ መጣ። ከዚያ የፕሮግራሙ ፊት፦ የወንዙ ስም፣ የመሥመሩ መብራት፣ ከሥሩም የውሃው ከፍታ በትልቁ። አንድ ነጥብ አራት ዜሮ ሜትር።

እጇ ከኪቦርዱ ላይ ተነሳ። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። በጠራራው ፀሐይ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ ጀርባዋን በረዶ የነካት መሰላት።

ምክንያቱን ታውቀዋለች። የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ ግማሹ አልነበብ ስላለ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን የሠራችው ድሮ መርማሪዎች ወስደው ከመለሱት ቅጂ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ሲነሳ፣ ከወንዙ ወሬ እስኪደርሰው፣ መጨረሻ ዲስኩ ላይ ያስቀመጠውን ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ የሚያስቀምጠውም በየቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ብቻ ነው። ያ ቅጂ ላይ መጨረሻ የተቀመጠው ቁጥር ይህ ነው። ኬብሉን ሬዲዮው ላይ ሰካች፤ ወንዙ ተናገረ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ነጥብ ስምንት አምስት ወረደ። ምክንያቱን ማወቅ ግን አለመፍራት አይደለም።

ነገሩ የሃያ ሁለት ዓመት ነገር ነው።

ከብሪንዳል አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ መንገዱ ሄርንን የሚሻገረው በዝቅተኛ የሲሚንቶ መሻገሪያ ነው። ውሃው አንድ ነጥብ ስምንት ሜትር ሲደርስ መንገዱ ይሰጥማል። ስለዚህ በዝናቡ ወራት ማንም ሳይጠይቅ አይሻገርም። አጠያየቁ አጭር ነው። የሬዲዮውን መጫኛ ቁልፍ ይጫንና «ግሌን፣ ደረቅ ነው እርጥብ?» ይላል። እሷ ገጹን ታይና በአንድ ቃል ትመልሳለች። እንዴት አደርሽ የለ፣ ደህና ዋይ የለ። ሬዲዮው የሁሉም ነው፤ የማዘጋጃ ቤቱ መኪኖችም፣ የአገዳ እርሻዎቹም፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስም አንድ መሥመር ላይ ናቸው። የግሌን ቃል እዚያ አገር ከቀይ መብራት ይበልጥ ይከበራል።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ቆጣቢ ነበር። መለኪያው ሁልጊዜ አይለፈልፍም፤ ውሃው ሲጨምር ወይም ሲጎድል ብቻ ነው ቁጥር የሚልከው። በመሃል ፕሮግራሙ በየደቂቃው «አለሁ» ይላል፣ መለኪያውም «አለሁ» ይመልሳል። «አለሁ» እስከመጣ ድረስ መሥመሩ አረንጓዴ ነው። ሰውዬው አንድ ነገር ብቻ አላሰበም፦ የሚሰማው «አለሁ» የራሱ ድምፅ ቢሆንስ?

ያን ጊዜ ታኅሣሥ ነበር፣ ዓርብ ከሰዓት። ግሌን ኬብል ቀይራ ጫፉን እየፈተነች ነበር፤ ሽቦ ስላጣች ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ የወረቀት አግራፍ ዘርግታ ሁለትና ሦስት ላይ ሰክታዋለች። የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተጀምሯል። አንዱ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ጮኸባት።

«ግሌን፣ ሽሪምፑ እያለቀ ነው። ኋላ ጭንቅላቱን ብቻ ነው የምታገኚው።»

«መጣሁ፣ አንድ ደቂቃ።»

«አንድ ደቂቃ ካልሽማ ቅርፊቱን።»

ሄደች። የኬብሉ ጫፍ አግራፉን እንደነከሰ ካቢኔው ጀርባ ተንጠልጥሎ ቀረ። ገጹ አረንጓዴ ነበር፤ አንድ ነጥብ አራት። ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሁድም አንድ ነጥብ አራት።

እሁድ ሌሊት ተራራው ላይ ዘነበ። ሰኞ ጠዋት፣ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ላይ፣ ሬዲዮው ተከፈተ።

«ግሌን፣ ኔሎ ነኝ። ደረቅ ነው እርጥብ?»

ኔሎ ፉርላን የማዘጋጃ ቤቱን የጠጠር መኪና የሚነዳ፣ ቀስ ብሎ የሚያወራ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ቃሉን አክብሮ የሚጠይቅ፤ መንገዱ አቧራ ሲያነሳ እንኳ የሚጠይቅ።

ገጹን አየች። «ደረቅ። እለፍ።»

«ተባረኪ። ፒና ማንጎ ልካልሻለች፣ ስመለስ አመጣዋለሁ።»

ፒና ሚስቱ ነበረች። ማንጎው አልመጣም። መኪናው ከመሻገሪያው አራት መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ በጎኑ ተኝቶ ተገኘ። ማንጎዎቹን ደግሞ ወንዙ ለሁለት ቀን ዳር ዳሩን ሲተፋቸው ሰነበተ።

ወሬው ቢሮ ሲደርስ ግሌን ማንንም አላናገረችም። ካቢኔው ጀርባ ገባች፣ አየችው። አግራፉን ነቀለች፣ ኪሷ ከተተች፣ ኬብሉን ሬዲዮው ላይ ሰካች። ቁጥሩ ከአንድ ነጥብ አራት ወደ ሦስት ነጥብ ሁለት ዘለለ።

በዚያው ቀን የዲስኩን ቅጂ የወሰደው መርማሪ ትሑት ሰው ነበር። ወረቀቱን እያገላበጠ፣ እንደ ዋዛ ጠየቃት።

«ሟቹ ከመሻገሩ በፊት በሬዲዮ ጠይቆሽ ነበር?»

«አልጠየቀም።»

አንድ ቃል። ሌላ ውሸት በሕይወቷ ዋሽታ ይሆናል፣ ይቺን ግን ታውቃታለች፤ የቃሏን ክብደት በምላሷ ላይ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች። ያን ጠዋት በመሥመሩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ሬዲዮ ደግሞ መዝገብ አይይዝም። ሪፖርቱ ወጣ። የመለኪያውን የሬዲዮ ምሰሶ መብረቅ ሳይመታው እንዳልቀረ፣ አሽከርካሪውም ሳይጠይቅ በራሱ ፈቃድ ውሃው ውስጥ እንደገባ ተጻፈ። አገሩም ተቀበለው። «ኔሎን ድፍረቱ በላው» ተባለ። መጠጥ ቤት ውስጥ ልጆች ሲደፍሩ «ኔሎ አትሁን» ይባባሉ ጀመር፤ ስሙ ተረት ሆነ።

ፒና ብቻ አልተቀበለችም። «የኔ ኔሎ ሳይጠይቅ አይሻገርም» ትላለች። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሥጋ ቤት ሰልፍ፣ ለሰማትም ላልሰማትም። ሰዎች ኀዘን ነው ብለው ክንዷን ይነካሉ።

ከዚያ ወዲህ ግሌን ማንጎ አልበላችም። አግራፉን በአሮጌ የከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው፤ ልትጥለውም ልታየውም አልቻለችም። የመፈተኛ ሽቦዋን ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር አሰረችው፤ ኬብል ላይ ረስታው ብትነሳ ወደ ቤቷ መንዳት አትችልም። ሌላም ነገር ነበር። በዝናቡ ወራት፣ ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ላይ፣ አንዳንድ ጠዋት ሬዲዮው ይከፈታል። የሚናገር የለም። እስትንፋስ የሚመስል የአየር ድምፅ፣ ሦስት ሰከንድ፣ አራት ሰከንድ፣ ከዚያ ይዘጋል። መጀመሪያ ያረጀ መጫኛ ነው አለች፤ የሰባት መኪና መጫኛ ለወጠች። ይከፈታል። ምሰሶውን ወጥታ ፈተሸች። ይከፈታል። ማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ማን ነህ ብትል፣ የሚመልስላት እንዳይኖር ብቻ ሳይሆን እንዲኖርም ትፈራ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ሳምንት እንመለስ። ማክሰኞ ፖርቱን አዘጋጀች፣ ወንዙ ተናገረ፣ ሁሉም ደህና። ዓርብ ዓይኗን ልትታይ ታውንስቪል ሄደች። ጡረታዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ይህ ሥራ የመጨረሻዋ ነው። በዚያው ዓርብ ቨርቹዋል ማሽኑን የተሸከመው ኮምፒውተር ጨርሶ ሞተ፣ ቴቪታም ከዚያው ከመርማሪዎቹ ቅጂ እንደገና ሠርቶ በዋናው ቢሮ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ አስነሳው፤ ያ ማሽን የብረት ሲሪያል ፖርት የለውም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ሬዲዮው ተከፈተ።

«ግሌን፣ ሚሬላ ነኝ። ደረቅ ነው እርጥብ?»

ሚሬላ የኔሎና የፒና ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ አሁን የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ትነዳለች። ድምጿ የእናቷ ነው፤ አጠያየቋ፣ «ደረቅ» ላይ ትንሽ ቆም ማለቷ፣ የአባቷ ነው። ግሌን ይህን ድምፅ በሰማች ቁጥር ለመመለስ አንድ ትንፋሽ ታዘገያለች።

ገጹን አየች። አረንጓዴ። አንድ ነጥብ አራት ዜሮ።

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ገጹን አይታ ስትመልስ የኖረች ሴት ናት።

«ቁሚ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።»

«እንዴ፣ ከቤት ስወጣ ስልኬ ላይ አረንጓዴ ነበር እኮ። ቴቪታ ዓርብ የጫነልኝ። አንድ ነጥብ አራት ይል ነበር።»

«ስልክሽን ጠይቀሽ ከሆነ እኔን ለምን ጠየቅሽኝ?»

«አሥራ አራት ልጅ ይዣለሁ ግሌን። አንዱ ሽንቱ መጥቷል፣ ሁለቱ ፀጉር ተያይዘዋል።»

«ይሽና። ይጓተቱ። አንቺ ቁሚ፤ መጣሁ።»

በመንገድ ላይ ዝናብ አልነበረም። ሰማዩ የታጠበ ሰማያዊ ነበር፤ ተራራው ላይ ብቻ ጥቁር ነገር ተቀምጧል። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ መንገዱ የለም። ቡናማ ውሃ፣ ሰፊ፣ ድምፅ የሌለው፣ ላዩ እንደ ቆዳ የተወጠረ። የተቀባው የመለኪያ እንጨት ሁለት ነጥብ ሦስት ላይ ይነበባል። ከወዲያ ማዶ፣ ከውሃው አሥር እርምጃ ርቆ፣ ቢጫው አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። በመስኮቶቹ ትንንሽ ፊቶች ይታያሉ።

የመኪናዋን ሬዲዮ አነሳች። «እርጥብ ነው» አለች።

«ይታየኛል» አለች ሚሬላ፣ ዝግ ብላ። «ከመታጠፊያው ቀስ ብዬ እስክወጣ ግን አይታይም ነበር። ደረቅ ብትዪኝ ኖሮ በጥድፊያ ነበር የምገባው።»

«ልጆቹን ወደየቤታቸው መልሺ።»

«ግሌን፣ አንቺ እንዴት አወቅሽ? ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«መልሻቸው። ከዚያ ወደዚህ ተመለሺ፤ እነግርሻለሁ።»

አውቶቡሱ ዞሮ ሄደ። ግሌን ቴቪታን ደወለችለት።

«ሁለቱን ሲሪያል ፖርት ከምን አገናኘሃቸው?»

«ከ... ቆይ ልየው።» ኪቦርድ ሲንኳኳ ተሰማ፣ ከዚያ ቆመ። አንደኛው ፖርት ለወንዙ መለኪያ ነው፤ ሁለተኛው መሻገሪያው ላይ ላለው የማስጠንቀቂያ መብራት። ሁለቱም ላይ ፕሮግራሙ «አለሁ» ይላል። «አክስቴ፣ ለሙከራ ብዬ ለሁለቱም አንድ ቧንቧ ሰጥቻቸው ነበር። በአንድ ስም። ወደ ሬዲዮው ከሚያደርሰው ሣጥን ጋር ላገናኛቸው ስል ለመሸኛሽ የተዘጋጀውን ኬክ አምጣ ብለው ጠሩኝና...»

አልጨረሰውም። አንዱ ፖርት ሲናገር ሌላው እየሰማ፣ ሌላው ሲናገር አንዱ እየሰማ፣ ማሽኑ ሦስት ቀን ሙሉ ከራሱ ጋር «አለሁ፣ አለሁ» ሲባባል ከርሟል። ወንዙን አንድ ጊዜም አልሰማውም።

«ልጆቹስ?» አለ ቴቪታ። ድምፁ ጠፍቷል።

«ደህና ናቸው። አሁን ቧንቧውን ዝጋ፣ ፖርቶቹን ከሣጥኑ ጋር አገናኝ፣ ወንዙ ሲናገር ጥራኝ። ከዚያ ያደረግኸውን በእጅህ ጽፈህ ፈርምበት። ዛሬውኑ።»

«ያባርሩኛል።»

«ላያባርሩህም ይችላሉ። ካልጻፍኸው ግን የልብስ መቆንጠጫ መግዛት ትጀምራለህ።»

ነገሩ አልገባውም። በኋላ ገባው።

ሦስት ሰዓት ላይ ባዶው አውቶቡስ ከማዶ ተመለሰ። በመካከላቸው ውሃው ይሄዳል፤ ድልድይ የለም፣ ጩኸት አይደርስም፣ ስልክ እዚያ ማዶ አይሠራም። ያለው ሬዲዮው ብቻ ነው። ሬዲዮው ደግሞ የሁሉም ነው። ግሌን ይህን ታውቃለች፤ በዚያ ሰዓት ስንት መኪና፣ ስንት የእርሻ ቤት ጆሮውን እንደሰጠ ታውቃለች። እስከ ረቡዕ መጠበቅ ትችል ነበር፣ ውሃው እስኪጎድል። ሃያ ሁለት ዓመትም ውሃው እስኪጎድል ነበር የጠበቀችው።

«አሁን ንገሪኝ» አለች ሚሬላ።

ግሌን መጫኛውን ተጫነች።

«አንድ ነጥብ አራትን ስለማውቃት ነው። አባትሽ በሞተበት ጠዋት ገጹ ላይ የነበረችው እሷ ናት። መብረቅ የመታው ነገር አልነበረም። ዓርብ ኬብል ስፈትን አግራፍ ሰክቼ ረሳሁት። ማሽኑ የራሱን ድምፅ ነበር የሚሰማው።» ጣቷ እንዳይለቀው በሌላው እጇ ደገፈችው። «አባትሽ ጠይቆኛል። ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ላይ ጠየቀኝ። ደረቅ ነው፣ እለፍ ያልሁት እኔ ነኝ። ለመርማሪው አልጠየቀም አልሁ። ዋሸሁ።»

ለቀቀችው። ማዶ ሚሬላ ከመሪው ጀርባ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ሬዲዮው ተከፈተ። የሚናገር የለም። እስትንፋስ የሚመስለው ያው የአየር ድምፅ፣ ሦስት ሰከንድ፣ አራት። የግሌን ዓይን ማዶ ሄደ፤ የሚሬላ ሁለት እጆች መሪው ላይ ናቸው።

«ጠይቋል?» አለ ያረጀ የሴት ድምፅ።

ፒና ነበረች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ኔሎ ለድንገተኛ ጥሪ ይጠቀምበት የነበረው የቤት ሬዲዮ ወጥ ቤቷ መደርደሪያ ላይ እስከ ዛሬ እንደተሰካ መሆኑን ማንም አላሰበም።

«ጠይቋል ፒና።»

«እኔ አላልሁም?»

«ብለሻል።»



«እየተነሳሁ እጫነው ነበር» አለች ፒና። «በዚያች ሰዓት። አንድ ቀን ማን ነህ ትዪኛለሽ ብዬ። ማን ነህ ብትዪኝ፣ ኔሎ ጠይቆሽ ነበር ወይ ልልሽ ነበር። አንቺ ዝም። ዝም ስትዪ ጊዜ ነው ያወቅሁት። መስማትሽን አውቃለሁ፤ የማይፈራ ሰው ማን ነህ ይላል።»

ግሌን ይቅርታ የሚለው ቃል ሬዲዮው ላይ እንዳይቀል ፈራች።

«እናቴ» አለች ሚሬላ፣ «ዝጊው፤ ልብሽን...»

«አንቺ ዝም በይ። ግሌን፣ እሁድ ትመጫለሽ። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ባሉበት ደግመሽ ትነግሪናለሽ። ፊትሽን እያየሁ። ምሳ የለም፤ ነገሩን ተናግረሽ ትሄጃለሽ።»

«እመጣለሁ።»

«ማንጎ ነበር የላክሁልሽ» አለች ፒና፣ ዘጋችው።

እሁድ ሄደች። የተባለው በዚያ ቤት የቤቱ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳልቆየች፣ ስትወጣ ሚሬላ እስከ በሩ እንደሸኘቻት፣ እጇን ግን እንዳልጨበጠቻት ብቻ ይታወቃል። ሰኞ ለምርመራው ቢሮ ሦስት ገጽ ጻፈች። መሳቢያዋን ከፈተች፣ የከረሜላውን ቆርቆሮ ከፈተች። አግራፉ ተዘርግቶ እንደነበረ ነው፤ በጉጠት መልሳ አጠፈችው፣ ሦስቱን ገጽ በእሱ አያይዛ ላከችው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በአግራፍ ያያያዘችው ወረቀት ይህ ብቻ ነው። መልሱ ገና አልመጣም። ክስም ይሁን፣ ማስጠንቀቂያም ይሁን፣ የኔሎ መዝገብ ላይ የተጻፈው ቃል እስኪለወጥ እየጠበቀች ነው። መጠጥ ቤቱ ውስጥ «ኔሎ አትሁን» ያለ አንድ ልጅ በዚያ ሳምንት ቢራው እንደተወሰደበት ተሰምቷል።

ጡረታ ከመውጣቷ በፊት በነበሩት ጠዋቶች ሬዲዮው ለአሥራ ሁለት አሥር ጉዳይ ላይ ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ፒና እንደሆነች ታውቃለች፤ ቢያንስ እንደዚያ ታምናለች። ሁለቱንም ጊዜ ሳትዘገይ መለሰች። «እርጥብ ነው። ቁም።»

ለሚተካት ሰው አሥራ ሁለት ገጽ መመሪያ ትታለች፤ አድራሻው፣ መጥሪያ ቁጥሩ፣ ፍጥነቱ፣ የትኛው ፖርት ከየትኛው ሣጥን እንደሚገናኝ። የመጨረሻው ገጽ ግን ለዚያ ሰው ብቻ አይደለም። ወንዝ ይሁን ሚዛን፣ ፓምፕ ይሁን በር፣ ከማሽን ጋር ለምታነጋግሩ ሁሉ፣ ይህንንም አሁን ለምታነቡት፣ የምትለምነው ይህን ነው፦

«የመፈተኛ ሽቦአችሁን ከመኪናችሁ ቁልፍ ጋር እሰሩት። ለሙከራ ያገናኛችሁትን፣ ሽሪምፕም ይለቅ ኬክም ይቆረስ፣ ሳትነቅሉ አትነሱ። አለሁ የሚል ድምፅ ስትሰሙ ያልነገራችሁትን አንድ ነገር ጠይቁትና የማን ድምፅ እንደሆነ ለዩ። ሰው መጥቶ ጠይቋችሁ ነበር ወይ ቢላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ በዚያው ቀን መልሱለት።»